የሾርባው ዙር

ጀማነህ ወልደሰንበት በወጣትነቱ ፖላንድ አገር ፍሬን በሌለው ሞተር ብስክሌት ይወዳደር ነበር ቢባል፣ በስደት በሚኖርባት ኮሎምበስ ከተማ የሚያምነው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ለማመን እንቅፋት የሆነው ደግሞ ራሱ ሰውየው ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳን የሰው መኪና ጭሮ አያውቅም። ቢጫ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ማዝገም ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መኪናውን ሲያቆም ሁለት ጊዜ ወርዶ መስመሩን ያያል፤ ከኋላው ተሰልፈው የሚጠብቁት ምእመናን ሲገላምጡት፣ ሰላም ያሉት ይመስል እጁን ያነሳላቸዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ እየተንሸራተተ ይዞር ነበር የሚባለው።

ይዞር ነበር። ማስረጃው ክሊንተንቪል ሰፈር ያለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከግራ ቦት ጫማ ሥር የሚታሰር፣ አፍንጫው ተበልቶ የሳሳ የብረት ሶል። ልጁ ብሩክታዊት ሕፃን ሳለች የጋራዡ በር እንዳይዘጋ ታስደግፈው ነበር፤ ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ነው። ቤክስሊ አጠገብ ጎማ ቤት ያለው ጓደኛው ቀነኒሳ «ጋሼ ፖላንድ» የሚል ስም ካወጣለት ቆይቷል። «ጋሼ ፖላንድ፣ እስቲ ያቺን ሞተር አምጣትና ሰርቪስ ላድርግልህ። የፍሬን ሸራ ስለማትፈልግ ዲስካውንት አላት» ይለዋል። ጀማነህ ይስቃል። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ የሚመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወደቅሁ፣ እግሬ ተሰበረ፣ ተውኩት»። ሲሰሙት እግሩ ያስተወው ይመስላል፤ እሱም እንዲመስል ይፈልጋል። መውደቁም እውነት ነው፣ እግሩ መሰበሩም እውነት ነው። የተወው ግን በእግሩ ምክንያት አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም.፣ በሃያ ዓመቱ፣ የእርሻ መሣሪያ ጥገና እንዲማር መንግሥት ፖላንድ ላከው። ቋንቋውን እንደ ምንም ከለመደ በኋላ ለተግባር ልምምድ የተመደበው ስታራ ቪሽኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ትራክተር በሚጠገንበት ግቢ ነበር። ግቢው ስፒድዌይ ከሚባል የሞተር ውድድር ክለብ ሜዳ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። በመጀመሪያው እሑድ አራት ሞተሮች አንድ ላይ ሲያጓሩ ትራክተር የፈነዳ መስሎት በካልሲው ሮጦ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ የከተማው ሰው በሙሉ ተሰብስቧል፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ የክለቡን ሻርፕ ጠምጥመው፣ ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ነጥብ በእርሳስ ይመዘግባሉ።

ስፒድዌይ ለማስረዳት ቀላል፣ ለማመን ግን ከባድ ነው። የደቀቀ ድንጋይ በለበሰ፣ የእንቁላል ቅርጽ ባለው ሜዳ ላይ አራት ሰዎች አራት ዙር ይዞራሉ፤ ሁልጊዜም ወደ ግራ። ሞተሩ ፍሬን የለውም። ኩርባው ላይ ስትደርስ ነዳጅ በመቀነስ ፋንታ ትጨምራለህ፤ የኋላ ጎማው ይከዳሃል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ትጠመዝዛለህ፤ ብረት የታሰረበትን ግራ እግርህን መሬት ለመሬት እየጎተትክ ወደ ግራ ትዞራለህ። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። አንደኛ የወጣ ሦስት ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ። መጨረሻ የወጣው አቧራውን አራግፎ ይገባል።

ጀማነህን ከአጥሩ ወዲያ ያሻገረው የክለቡ አሠልጣኝ ፓን ሄንሪክ ነው። «ፓን» እዚያ አገር «አቶ» እንደ ማለት ነው። አጭር፣ ቦርጫም፣ ከሞተር ጩኸት ብዛት አንድ ጆሮው የደነቆረ ሰው ነበር። ትራክተር የሚጠግን ሐበሻ ልጅ መኖሩን ሰምቶ ካርቡሬተር እንዲያጸዳለት ጠራው። ካርቡሬተር ማጽዳቱ ሞተር ወደ ማሞቅ፣ ማሞቁ «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክራት» ወደ ማለት አደገ። በ1980 ተፈትኖ የተወዳዳሪነት ፈቃድ አገኘ፤ በሁለተኛው ሊግ አራት ዓመት ተወዳደረ። ታላቅ ተወዳዳሪ እንዳልነበረ ከማንም በፊት የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ነበር፤ ቀን ሲወጣለት አምስት፣ ስድስት ነጥብ ያመጣል። የማይረሳው አንድ እሑድ ግን አለው። ከሜዳቸው ውጭ፣ በዝናብ፣ ሌላው ሁሉ ጭቃውን ፈርቶ ሲጠነቀቅ እሱ ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጣ። ተከትለዋቸው የመጡት ደጋፊዎች አጥሩን ዘለው ወደ ሰማይ ወረወሩት። ስሙ የሚጀምርበትን ፊደል እንደ «የ» ስለሚያነቡት «የማነህ! የማነህ!» እያሉ ነበር የሚጮኹት፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ቢኖር የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቁት በመሰለው ነበር።

ክለቡ አንድ ልማድ ነበረው። ሐሙስ ሐሙስ ከልምምድ በኋላ የፓን ሄንሪክ ሚስት በክለቡ ካንቲን የአተር ሾርባ ታቀርባለች። በልምምድ የወደቀ ሰው ግን ብቻውን አንድ ዙር ሳይዞር ሾርባ አያገኝም። የፈለገውን ያህል ያዝግም፣ ያንክስ፣ ያልቅስ፣ ብቻ አንድ ዙር ይዞራል። ፓን ሄንሪክ ሞተሩን ራሱ አስነስቶ ይሰጠውና አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃል። ይህንን «የሾርባ ዙር» ይሉታል። መውደቅህን እዚሁ ሜዳው ላይ ጥለኸው ግባ፣ ቤትህ ይዘኸው አትሂድ ነው ነገሩ። ጀማነህ በልምምድ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቋል፤ አሥራ አንዱንም ዞሮ ሾርባውን ጠጥቷል።

አሥራ ሁለተኛው ውድቀት ግን የልምምድ አልነበረም። በግንቦት 1983፣ ደርግ በወደቀበት ሳምንት፣ ውድድር ላይ ከፊቱ የነበረው ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ ተገለበጠ። ፍሬን በሌለበት፣ ከፊትህ ሰው ሲወድቅ የሚቀርህ ምርጫ የራስህን ሞተር መሬት ላይ ማስተኛት ነው። አስተኛው። ልጁ ተረፈ፤ የጀማነህ ጭን ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። «እኔና መንግሥት በአንድ ሳምንት ወደቅን» ይላል ሲቀልድ። መንግሥቱ አልተመለሰም፤ እግሩ ግን እስከ ገና ድኖ ነበር። መጋቢት ላይ ልምምድ ሲጀመር ፓን ሄንሪክ ሐሙስ ሐሙስ የጀማነህን ሞተር አውጥቶ፣ አስነስቶ፣ አጥሩ አጠገብ ይቆማል። ጀማነህ ከካንቲኑ መስኮት ያየዋል። መውጣት አቃተው። አራት ሐሙስ እንዲህ ሆነ፤ የሽማግሌው እጆች አጥሩ ላይ ሲንቀጠቀጡ ከመስኮቱ ድረስ ይታዩ ነበር፤ ጀማነህ በርዶት ነው ብሎ አሰበ። በአምስተኛው ሐሙስ ፓን ሄንሪክ ሞተሩን አላወጣም። ሚስትየው ሾርባውን አምጥታ ጀማነህ ፊት አስቀመጠች። ጠጣው። በሕይወቱ እንደዚያ ሾርባ ያሳፈረው ነገር የለም። በዚያው ወር ጓዙን ሸክፎ ጀርመን ገባ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በስደተኝነት ኮሎምበስ።

እዚህ ከህብረት ጋር ተጋባ፣ ብሩክታዊትን ወለደ፣ አውቶቡስ ያዘ፤ ሌላው ነገር የሰው ሁሉ ኑሮ ነው። የዚህ ታሪክ ጣጣ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። ብሩክታዊት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኒው አልባኒ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ሥራዋን ትወደዋለች። አንድ ማለዳ 161 በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ፣ ድልድዩ ጋ፣ መኪናዋ በማይታይ በረዶ ተንሸራታ ሁለት ጊዜ ዞረችና የመንገዱን ዳር የብረት ከለላ ገጭታ ፊቷን ወደሚመጡት መኪናዎች አዙራ ቆመች። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በክንድ ርቀት አልፏት ሄደ። ብሩክታዊት አንዲት ጭረት እንኳን አልነካትም። መኪናዋን ቀነኒሳ አስጠገነላት። እሷ ግን ቁልፉን ይዛ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ሞተሩን ሳታስነሳ ትወርዳለች።

ጀማነህ ምን አደረገ? አባት የሆነ ሰው ሁሉ፣ በተለይ የእኛ አባት፣ የሚያደርገውን አደረገ። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ጠዋት ጠዋት አደረሳት፤ ከሰዓት በኋላ ሄዶ አመጣት። ሥራው አላመች ሲለው የሥራ ሰዓቱን ቀየረ። አውቶቡስ ሾፌሮች በየጊዜው «ፒክ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ መስመርና ሰዓት የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ነው። የጠዋቱን የሃይ ስትሪት መስመር ከነእሑድ ዕረፍቱ ለማግኘት አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቋል። ተራው ሲደርስ ያንን ትቶ ማንም የማይፈልገውን የማታ ፈረቃ፣ ያውም እሑድን የሚጨምር፣ መረጠ። ምርጫውን የሚመዘግበው ጸሐፊ ስህተት መስሎት ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይገባል፤ ልጁን ለማድረስ በማለዳ ይነሳል። ሰውነቱ አለቀ፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። በእርግጥ እየረዳት መስሎታል። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እየተመላለሰ፣ ልጁ መኪና ውስጥ አንገቷን ደፍታ ድልድዩ እስኪያልፍ ዓይኗን እንደምትጨፍን አላየም ማለት አይቻልም። አይቶ ዝም አለ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ሲያመጣት ህብረት ወጥ ቤት ሆና የፒኩን ነገር ሁሉ ለልጅቷ ዘረገፈችላት። ጀማነህ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ሲገባ ብሩክታዊት ጠረጴዛው ጋ ቆማ ጠበቀችው።

«ዳድ፣ እሑድህን ለእኔ ብለህ ነው የሰጠኸው? ሲሪየስሊ?»

«ምን አለበት። እግዚአብሔር ሰኞም አለ።»

«ሰኞማ ትተኛለህ» አለች ህብረት ከምድጃው ሳትዞር።

ብሩክታዊት ተቀመጠች። «የቡድኑ ሊድ እንድሆን ጠይቀውኝ ነበር። ኖ ልላቸው ነው። ሰኞ ሪዛይን አደርጋለሁ። ከቤት ሆኜ የምሠራው አግኝቻለሁ፤ ስልክ ማንሳት ነው።»

«ለምን? እኔ አደርስሻለሁ እኮ። ምን ጎደለ?»

«እስከ መቼ ዳድ?»

ጀማነህ የጃኬቱን ዚፕ ሳበ።

«አንተ እግርህ ባይሰበር ኖሮ ተመልሰህ ትነዳ ነበር፤ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እንደ አንተ አይደለሁም። አይም ኖት ብሬቭ፣ ዳድ። ዛትስ ኦል።»

ጀማነህ ሥራ ይረፍድብኛል ብሎ ወጣ። ጋራዡ በር ላይ የብረት ሶሉ እግሩን መታው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ለማንም ምንም ያላደረገች ትንሽ ውሸት ነበረች፤ አሁን ልጁ ራሷን የምትለካባት ሆናለች። አፈረ። ያን ዕለት ማታ አውቶቡሱን ሲነዳ ሁለት ፌርማታ ሰው ሳያነሳ አልፎ ተሰደበ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት 161 ላይ፣ ድልድዩ ሊደርስ ሲል፣ ብሩክታዊት ዓይኗን ጨፈነች። ጀማነህ ድልድዩን አልፎ በመጀመሪያው መውጫ ወጣና ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ መኪናውን አቆመ። እንደ ልማዱ መስመሩን ለማየት አልወረደም።

«እግሬ አይደለም» አላት።

«ምኑ?»

«ያስተወኝ። እግሬ ድኖ ነበር። ፈርቼ ነው የተውኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። አጥሩን፣ ሐሙሱን፣ ሞተሩን አስነስቶ የሚጠብቀውን ሽማግሌ፣ ካንቲኑን፣ መስኮቱን። ለሚስቱ እንኳን ነግሯት አያውቅም ነበር። ሲናገር መሪውን እንጂ ልጁን አላየም።

«ሾርባውን ጠጣኸው?» ስትል ጠየቀችው ብሩክታዊት።

«ጠጣሁት።»

«ሳትዞር?»

«ሳልዞር።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ዳድ፣ እኔንስ ለምን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሾርባ ታጠጣኛለህ?»

ጀማነህ ይህንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያደረገው ሁሉ ፍቅር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ፍቅርም ነበር። ነገር ግን ልጁን እሱ የተቀመጠበት መስኮት አጠገብ ወንበር ስቦ አስቀምጧታል። እሱ ሠላሳ ዓመት እዚያ ተቀምጦ ኖሯል፤ ቢያንስ ቦታው እንደማይመች ሊነግራት ይገባ ነበር።

ቅዳሜ በረዶ ጣለ። ብሩክታዊት ሥራ የምትገባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። የእሷን መኪና ከጋራዥ አውጥቶ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሰዳት፤ የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ በረዶውም ገና አልተጠረገም፤ ዙሪያውን የሽቦ አጥር አለው። ቁልፉን ሰጥቷት ጎኗ ተቀመጠ። ሞተሩን ለማስነሳት አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ከተነሳ በኋላ በኤሊ ፍጥነት ሄደች፤ ጀማነህ ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ይጫናል።

«ዳድ፣ እግርህን ተው። እዚያ ፍሬን የለም።»

«አውቃለሁ» አለና ደግሞ ተጫነ።

ሁለተኛው ጥግ ላይ የመኪናዋ ጀርባ ከዳት። «ፍሬኑን ልቀቂው፣ መሪውን ጀርባው ወደሄደበት አዙሪ፣ ትንሽ ብቻ» አላት፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው፤ የፓን ሄንሪክን ፖላንድኛ በአማርኛ እየተናገረ ነበር። አዞረችው። መኪናዋ ተንገዳግዳ ቀና አለች። ብሩክታዊት አቆመችና እጆቿን ከመሪው ላይ ሳታነሳ አየችው።

«ውረድ» አለችው።

«ለምን?»

«ብቻውን ነው ያልከኝ፤ አይደል? ዙሩን ሰውየው ብቻውን ነው የሚዞረው።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ። በረዶ ነው፣ ቅድም ተንሸራተሽ ነበር፣ እኔ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ ሊላት ነበር። ከዚያ ወረደ። አጥሩ ጋ ሄዶ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። መኪናዋ ቀስ ብላ ተነሳች። የመጀመሪያውን ጥግ ዞረች። ሁለተኛው ላይ ጀርባዋ ትንሽ ሸሸት አለ፤ ተስተካከለ። ጀማነህ ጸሎት ጀምሮ መሃሉ ላይ ጠፋበት። በጭቃ ሜዳ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ሲንሸራተት ያልፈራውን ያህል በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር በምትሄድ መኪና ፈራ። ሽቦው ሲንኳኳ ሰማ፤ ነፋስ አልነበረም፤ የገዛ እጆቹ ናቸው። ሲንቀጠቀጡ አያቸው፤ እነዚህን እጆች ከዚህ በፊት አይቷቸዋል።

ብሩክታዊት ዙሩን ጨርሳ አጠገቡ ደረሰች። ትቆማለች ብሎ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። አልቆመችም። ጡሩንባዋን አንድ ጊዜ ነክታ አለፈችውና የግቢው መውጫ ጋ የግራ ፍሬቻ አበራች። ግራ ቀኙን ሁለት ጊዜ አየች፤ ይህንንስ ከእሱ ነው የወረሰችው። ከዚያ ወደ ኒው አልባኒ በሚወስደው መንገድ ገባች። ጀማነህ የመኪናዋ መብራት እስኪጠፋ ቆሞ አየ። ጓንቱ መኪናዋ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደቀረ ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩን አውጥቶ ቀነኒሳ ጋ ደወለ።

«ጋሼ ፖላንድ፣ በሰላም ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነኝ። ናና ውሰደኝ።»

«መኪናህስ?»

«በልጄ መኪና ነው የመጣነው። ሥራ ሄደችበት።»

ያቺን መኪና ያስጠገነው ቀነኒሳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከጋራዥ ወጥታ እንደማታውቅም ያውቃል። «ብቻዋን?» አለ።

«ብቻዋን።»

ቀነኒሳ ጎማ ቤቱን ለሠራተኛው ትቶ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። ጀማነህ ሲገባ እጆቹን አየና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተለት። «ኧረ በርዶህ ልትሞት ነው፣ ጋሼ።»

«አልበረደኝም» አለ ጀማነህ። «ይልቅ የአተር ክክ የሚሸጥበት ቦታ አድርሰኝ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሾርባ ይገባታል።»